በኖራ ላይ ኖራ

አርባ ሰባት ዓመት በኖራ ላይ ኖራ፣
ግንቧ የኖራ ድንጋይ፣ የጉድጓዷ ውሃ የሟሟ ኖራ፣
ጎረቤቴ ዳሪንካ፣ ባሏን በቀበረች በስድስተኛው ወር፣
ግማሽ የወይን በርሜል በጋሪ ስትገፋ አየኋት ባጥሬ ሥር።

«ምን ልትጠምቂ ነው?» አልኳት ከመስኮቴ።
«አፈር» አለች፤ «አፈር ላኮመጥጥ፣ ጎረቤቴ።»

ቪንኮ ባሏ የፖሆርዬ ተራራ ሰው ነበር፤
ውሃው እንደ ሻይ ከጠቆረበት ደን፣ ከጥድ ሥር።
እዚያ ብሉቤሪን ማንም አይተክለውም፤
እሱም ብቅ ለማለት ፈቃድ አይጠይቅም።
በእኛ በክራስ ግን፣ በዚህ ነጭ ምድር፣
ሦስቴ ተክሎ ሦስቴ አይቼዋለሁ ሲያፍር፦
ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ፤
በቀይ አፈር መሃል፣ ብረት እንደ ጉድ ሞልቶ፣
በብረት ረሃብ ሞተ፣ ኖራ በሩን ዘግቶ።
«እኔን ነው የሚመስል» ይላል ቪንኮ፤ ይስቃል፤
ሳቁ መንገድ ላይ ይደርቃል።

ዳሪንካ የበርሜሉን ቂጥ በመሰርሰሪያ በሳች፤
የጥድ ቅርፊት፣ የበሰበሰ የጥድ ቅጠል ከተተች፤
የባሏ የእህት ልጅ በጆንያ ያመጣውን የደን አፈር አከለች።
ከዚያ ድኝ፦ ለወይናችን ሻጋታ የምንነፋውን ያን ቢጫ ዱቄት፣
በሾርባ ማንኪያ ለክታ ነሰነሰችበት።

«በቃ?»
«ድኝ ብቻውን ምን ያውቃል? በዓይን የማይታዩ አሉ፤
እነሱ ናቸው በልተውት የሚያኮመጥጡት፤ በብርድ ይተኛሉ።»
«እስከ መቼ?»
«እስከ ፋሲካ። ካልሆነም እስከ ሌላው።
ኮምጣጤ ብታፈስበት ዛሬውኑ ይኮመጥጣል፤
ሳምንት ሳይሞላው ይረሳዋል።»

ከመድኃኒት ቤት በገዛችው ወረቀት ትለካዋለች፦
ሰባት ተኩል። ስድስት ተኩል። በግንቦት አምስት አነበበች።
ቁጥር ሲወርድ የሚደሰት ሰው ከእሷ ሌላ አላየሁም።
ውሃም ቢሆን፣ ከዝናብ በቀር አንድ ጠብታ አይነካውም፤
የቤቷን የድንጋይ ክዳን እንኳ አታምነውም፤
ከዶሮ ቤቷ ቆርቆሮ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ታጠራቅማለች።
በሐምሌ ዳሌዋን ሊያክሟት ሆስፒታል ገባች፤
«ከጋኑ ብቻ» አለችኝ፤ ቁልፉን ሰጥታኝ ሄደች።

ጋኑ በአራት ቀን ደረቀ፤
ደመና የሚባል ነገር ከሰማይ ራቀ።
እኔም አዘንኩለት። ከጉድጓዴ ቀዳሁ፤
ጧት አጠጣሁ፣ ማታ አጠጣሁ፤
ሲገረጣ ጊዜ፣ ጠምቶት ነው ብዬ ጨመርኩ።
ሦስት ሳምንት ሙሉ በደግነት ገደልኩ።

በምርኩዝ ተመለሰች። ወረቀቱን ነከረች። ሰባት።
ባርኔጣዬን ይዤ ቆምኩ፤ ምላሴ ታሰረብኝ፣ ቃል አጣሁላት።
«የምትጠጣውን አጠጣኸው» አለች፤ «ምን ታደርግ።»
ከዚያ በቢጫው ቅጠል ላይ ጣቷን እያሳለፈች፣
«እኔስ» አለች፣ «ቪንኮን እንዲህ አይደል ያኖርኩት?»

ድኙን ደግማ ለካች፤ እኔ ማማሰያ ያዝኩ።
የበረቴን ጣሪያ ቆርቆሮ አለበስኩ፤
አሸንዳውን ባጥሯ ላይ ወደ ጋኗ መለስኩ።
ቡርያ፣ ያ እብድ ነፋሳችን፣ ሁለቴ ነቀለው፤
ሁለቴ ቸነከርኩት።

በሁለተኛው ዓመት ፍሬ ያዘ፤ ብዙውን ጥቁር ወፍ ለቀመው፤
ዘጠኝ ተረፈ። አራቱን ሰጠችኝ፤ ቆዳው አመድ የነካው ይመስላል፣ ጣት ሲያርፍበት ይለቃል።
ጎመዘዘኝ። አልነገርኳትም።
እሷም የቪንኮን ስም አላነሳችም።

አሁን ሌሊት ዝናብ ሲጥል በሁለት ቤት መብራት ይበራል፤
አንዷ ባልዲ ትደረድራለች፣ አንዱ አሸንዳ ይጠርጋል።